ጥርኝ ጠላ

በበዛወርቅ ቤት የግራ በሩ ያልተገጠመ ቡፌ አለ። የቀኙ በር ቦታው ላይ ነው፤ ሲከፈትም ሲዘጋም ድምፅ አያሰማም። የግራው ግን ተልጎ፣ ተለክቶ፣ ማጠፊያው ሳይቀር ተመቶበት፣ ከአልጋው ራስጌ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «እትዬ በዛ፣ ቦንጋ አናጢ አልቆ ነው? የሁለት ብሎን ሥራ እኮ ነው!» ይላታል። እሷም፣ «እሺ፣ ይደርሳል» ትልና ወሬ ትለውጣለች። ያንን በር የጀመረው ሰው ሥላሴ ግቢ ካረፈ ቆይቷል። ሌላ እጅ እንዲነካው አትፈልግም። ተገጥሞ ልታየውም አትፈልግም። እንዲሁ እንደጎደለ ቢፈርድባት ይሻላታል።

ሰውየው ወንድሟ ወልደሥላሴ ነው። በዘጠኝ ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበር። በጀርባዋ አዝላ፣ ገበያ ላይ ኮረሪማና ጥምዝ እየቸረቸረች ያሳደገችው እሷ ናት። ሌላ ልጅ አልወለደችም፤ የወለደችው እሱን ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ስሙ የወጣው በአባታቸው ማኅበር ነው። አባታቸው የማንኪራ ገጠር ቡናውን ትቶ ከተማ ከገባ ጀምሮ በየወሩ በሰባት የሥላሴን ጽዋ ይጠጣ ነበርና፣ ወንድ ልጅ ሲወለድለት፣ «ይሄ የእነሱ ነው» ብሎ ሰየመው። አባትየው ሲሞት በማኅበሩ ውስጥ የነበረውን ቦታ በዛወርቅ ወረሰች።

ወልደሥላሴ አናጢ ሆነ፤ ያውም እጁ የተባረከ አናጢ። ዞኑ አዲስ ቢሮ ሲያሠራ ግማሹን በር የሠራው እሱ ነው። ከዚያ አረቄ መጣ። «እንዴት ጀመረው?» የሚል ጠያቂ ብዙ ነበር፤ እንዴት እንደጀመረ እሱም አያውቀውም። መጀመሪያ ሥራ ባስረከበ ቀን ብቻ ነበር። ቀጥሎ የገበያ ቀን ተጨመረ። ቀጥሎ ዝናብ የጣለ ቀን ተጨመረ፤ ቦንጋ ላይ ደግሞ ዝናብ የማይጥልበት ቀን ስንት ነው? በመጨረሻ ጠዋት አንድ መለኪያ ካልቀመሰ መጋዝ መጨበጥ አቃተው። እርሳሱን ጆሮው ላይ ልሰካ ሲል እጁ ይንቀጠቀጥና መሬት ይጥለዋል። ሰው ሥራውን ወደ ሌላ አናጢ ወሰደ።

በዛወርቅ ያላደረገችው የለም። ሦስት ጊዜ ጠበል ይዛው ወርዳለች። አጥንት በሚሰብረው የንጋት ብርድ እሱ እየጮኸ ሲጠመቅ፣ እሷ ጋቢውን ታቅፋ እያለቀሰች ሱባኤውን ጨርሰዋል። ከጠበል ሲመለስ ፊቱ በርቶ፣ ዓይኑ ጠርቶ ነው። ችግሩ ጠበሉ ከከተማ ውጭ፣ አረቄው ከተማ ውስጥ መሆኑ ነበር። ጤና ጣቢያም ወስዳዋለች። የጤና መኮንኑ ጎኑን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ጉበትዎ አብጧል። ከእንግዲህ የሚጠጡት ዕድሜዎን ነው» አለው። እሱም፣ «እሺ፣ ዶክተር» ብሎ ወጣ።

በስተመጨረሻ የንስሐ አባታቸው አባ ሀብተ ማርያም በግዝት አሰሩት፤ አረቄ፣ ጠላ፣ ጠጅ እንዳይቀምስ። ሃያ ሦስት ቀን ቆየ። በሃያ አራተኛው ቀን ግዝቱን አፈረሰ። ማፍረሱ ደግሞ ከመጠጡ ይልቅ አሰከረው። «ከእንግዲህ ምን ቀረኝ? የተገዘተ አፍ ነው!» እያለ ጠጣ። የቤተ ክርስቲያኑን በር መሳለም ፈራና በጓሮ መንገድ ዞሮ ማለፍ ጀመረ።

በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በነሐሴ፣ ከፈለኝ የሚባል ጣውላ ነጋዴ ፈልጎት መጣ። ከፈለኝ ጴንጤ ነው። ጉባኤያቸው የቆርቆሮ አዳራሽ እያሠራ ስለነበር መስኮት የሚገጥም አናጢ አስፈልጓቸዋል።

«እኔ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የምሠራው» አለው ወልደሥላሴ። «ከሰዓት በኋላ ሰው አይደለሁም።»

«እንግዲያው ሰው እስክትሆን አብረን እንቀመጣለን» አለው ከፈለኝ።

እነሱ ሲዘምሩ እሱ መስኮት ይገጥማል። አንድ ቀን መዶሻውን አስቀምጦ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ ሳምንት፣ ከዚያም ወር፣ ሳይጠጣ ቤት መግባት ጀመረ። የሚያድረው በበዛወርቅ ግቢ ውስጥ ባለችው አንድ ክፍል ነበርና፣ እሷ በየምሽቱ ትንፋሹን ለማሽተት ሰበብ ፈልጋ ትጠጋዋለች። የእንጨት ብናኝ ይሸታል እንጂ ሌላ አይሸትም።

«ጸለዩልህ?» አለችው አንድ ቀን።

«ጸለዩልኝ።»

«እጃቸውን ጫኑብህ? ጮኹብህ?»

«ኧረ እትዬ፣ ተይ እስቲ!» ሳቀ። «ከጸለዩ በኋላ ከፈለኝ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጠማህ? አለኝ። አሥራ አንድ ሰዓት አልኩት። በነጋታው አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መጋዙን ከእጄ ወሰደና፣ ና ቤትህ ላድርስህ አለኝ። በቃ። ይኸው በየቀኑ ያደርሰኛል።»

«ሕፃን ነህ?»

«ሕፃን ነኝ። ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? አረቄ ቤት ስንደርስ በዚያ በኩል ይሆናል። በግራ ከሆነ በግራዬ፣ በቀኝ ከሆነ በቀኜ፤ ልክ እንደ አጥር። ወሬውን ግን አያቋርጥም። መጀመሪያ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ያቅበጠብጠዋል? እል ነበር።»

ቀጠለና፣ «እትዬ፣ ጠበሉም እውነት ነው፤ አባም እውነታቸውን ነው» አለ። «እነሱ ዳን አሉኝ። ይሄ ሰውዬ ግን አብሮኝ ይሄዳል።»

ወራቱ አለፉ። ሥራው ተመለሰ። ለእህቱም ቡፌ ጀመረላት። አንድ ከሰዓት ከደጅ ጠራትና ውሃ ልኩን መዳፉ ላይ አስቀመጠው። «እዪ» አላት። በብርጭቆዋ ውስጥ ያለችው አረፋ መሃል ላይ ረግታ ቆመች፤ ወዲህ የለም፣ ወዲያ የለም። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው አዩዋት። በዛወርቅ ያን ቀን የተደሰተችውን ያህል በዕድሜዋ ተደስታ አታውቅም።

ደስታዋ ግን እሾህ ነበረበት። ወልደሥላሴ እሑድ እሑድ ወደ አዳራሹ ይሄዳል። ማተቡ አንገቱ ላይ አለ፤ እሷ ተኝቶ ሳለ አይታለች። ሥላሴ በር ሲደርስም እንደገና መሳለም ጀምሯል። ግን ሰው ይህን አያይም፤ ሰው የሚያየው አዳራሽ ሲገባ ነው። ገበያ ላይ ከጎኗ የምትቀመጠው ወሰንየለሽ፣ የማኅበር ጓደኛዋ፣ አንድ ቅዳሜ የኮረሪማ ከረጢቷን እየፈታች ጀመረቻት።

«በዛዬ፣ ወንድምሽ ሃሌ ሉያ ሆነ አሉ፤ እውነት ነው?»

«መጠጥ ተወ እንጂ ምንም አልሆነ።»

«ተወ? እንዲያው በነጻ? እነሱ መጠጡን የሚያስጥሉት ማተቡን ለማስበጠስ ነው፣ እቴ!» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔን ብትጠይቂኝ ሰክሮም ቢሆን የእኛ ነበረ። ሰካራም ሲሞት ካህን ይፈታዋል። ይሄን ማን ይፈታዋል?»

በዛወርቅ ልትመልስላት አፏን ከፈተች፤ ቃል ግን አልወጣትም። መልስ አጥታ አይደለም። ወሰንየለሽ ጮክ ብላ የተናገረችውን እሷ በልቧ አስባው ስለምታውቅ ነው። በኋላ ዘመን ነገሩን ስታመነዥግ፣ ኃጢአቷ የሚጀምረው ከሐምሌ ሰባት ሳይሆን ከዚያች ቅዳሜ፣ ከዚያች ዝምታዋ ነው ትላለች።

የማኅበሩ ተራ በሐምሌ ሥላሴ እሷ ላይ ወደቀ። ክብረ በዓሉ ስለሆነ ሁሉም ይመጣል። በማኅበራቸው ወግ ጽዋውን የሚያሳልፈው የተረኛው ቤት ወንድ ነው። አሳላፊው ለሰው ከመስጠቱ በፊት በመዳፍ ጉድጓድ የምትያዝ ጥርኝ ጠላ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል፤ «የሰጠኋችሁን እኔም ጠጥቼዋለሁ» ማለት ነው። በቀደሙት ዓመታት ተራው በዛወርቅ ላይ ሲወድቅ፣ ወልደሥላሴ አንዱ አረቄ ቤት ስለሚወድቅ፣ የሚያሳልፉላት የማኅበሩ ሙሴ ጋሽ ተድላ ነበሩ። ሙሴ የሚሉት የማኅበሩን አለቃ ነው። እሷ በዚያ ሁሉ ዓመት የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ወንድሟ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ የአባቱን ጽዋ ሲያሳልፍ ማየት።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጠላውን ደፍድፋ ጨርሳ፣ ጠራችው።

«ወልዴ፣ ዘንድሮ የምታሳልፈው አንተ ነህ።»

«ዳቦውን እቆርሳለሁ። እጅ አስታጥባለሁ። ወጡንም እኔው አቀርባለሁ። ጽዋውን ጋሽ ተድላ ያሳልፉት።»

«ስንት ዓመት ያሳልፉልኝ! ወንድሟ የት ሄደ ሲባል ስንት ዓመት መሬት መሬት ልይ!»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ታዲያ?»

«ያቺን ጥርኝ እፈራታለሁ።»

«ጥርኝ ጠላ?»

«አንቺ ጥርኝ ናት ትያለሽ። እኔ የሚታየኝ ጋን ነው።»

በዛወርቅ ተቆጣች። የተቆጣችው በፍርሃቱ አልነበረም፤ በሌላ ነገር ነበር፤ የዚያች የቅዳሜዋ ዝምታ በእሱ ላይ ፈነዳ። «መጠጥ መሰለህ? የሥላሴ ጽዋ ነው! ስማቸውን ተሸክመህ ትዞራለህ፣ ጽዋቸውን ትጸየፋለህ። እነዚያ ናቸው ያስጸየፉህ።»

«እነሱ ስለ ጽዋ አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።»

«ሥላሴ ይገድላሉ? እስቲ መልስልኝ! ከአረቄ ያወጡህ ሥላሴ አይደሉም?»

እሱ መላጊያውን አገላብጦ ምላጩን በአውራ ጣቱ ይደባብሳል። እዚያ ላይ ብትተወው ምን ነበረበት! ግን አልተወችውም።

«ካልቀመስክ እኔም ወንድም የለኝም ብዬ እቀመጣለሁ።»

ቀና ብሎ አያት። ያሳደገችው ልጅ ነውና ያን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ትንሽ ሆኖ ሳለ ስታስፈራራው እንደዚያ ያያት ነበር። «እሺ፣ እትዬ» አለ።

ሐምሌ ሰባት ረቡዕ ስለዋለ ድግሱ የጾም ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሰው ጆሮ ለጆሮ ይጯጯሃል። አባ ሀብተ ማርያም መጡ፤ ጸሎት አደረሱ፤ ዳቦውንና ጽዋውን ባረኩ። በዚያ ቀን የሚባርኩት ሌላ ሁለት ቤት ስለነበረባቸው ጫማቸውን አጥልቀው ቶሎ ወጡ። ወልደሥላሴ ጋቢውን አጣፍቶ ዳቦውን ቆረሰ፤ እጅ አስታጠበ። አሥራ ስምንት ሰው በዓይኑ ተከተለው። ጽዋው ዘንድ ሲደርስ ቆም አለ።

ጋሽ ተድላ ገባቸው። ከመቀመጫቸው ከፍ ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ ላሳልፈው? እጄ ለምዶታል» አሉ።

«አይ፣ ጋሽ ተድላ፣ ይቀመጡ» አለች በዛወርቅ። «ዛሬ ወንድሜ አለልኝ።»

«ተዪው፣ ያቃጥለው እንደሆነ እንይ!» አለች ወሰንየለሽ፤ ሴቶቹ ሳቁ።

ወልደሥላሴ ወደ እህቱ ዞረ። ከሁሉም የምታስታውሰው ይህን ነው። ረጅም አልነበረም፤ ክብሪት ተጭሮ እስኪያያዝ ያህል። ራሷን አንድ ጊዜ ብትነቀንቅ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ «ተወው» ብትለው፣ ያልፈው ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ጽዋው ላይ ተከለች። እሱም መዳፉን ዘረጋ፤ ያቺ አረፋ የረጋችበትን መዳፍ። ጥርኝ አደረገና ጠጣ።

ቀድማ እልል ያለችው በዛወርቅ ናት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈለኝ ነው። ጥቁር ጃንጥላ ይዞ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ቆሟል።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ? እንኳን አደረሰዎ። ከወልደሥላሴ ጋር ትንሽ ወጣ ብለን እንድንመለስ ነው።»

«ዛሬ ከዘመዶቹ ጋር ነው። ቤቱ ነው ያለው፤ የሚያደርሰው አያስፈልገውም።»

ከፈለኝ ከበስተኋላዋ የሚሰማውን ሁካታ አዳመጠ። «ቀምሷል እንዴ?»

«ቢቀምስስ? ምን አገባህ አንተን?»

ዝናቡ ከጃንጥላው ጫፍ እየወረደ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ብቻ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። በማንኛውም ሰዓት ከጠራኝ እመጣለሁ ይበሉልኝ።»

«እሺ» ብላ በሩን ዘጋች። ቤት ስትገባ ወልደሥላሴ፣ «ማን ነው?» አላት። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል።

«ማንም አይደለም» አለችው።

እንግዳው ሲበተን ወልደሥላሴን ጓዳ ውስጥ፣ ከጋኑ አጠገብ አገኘችው። ጣሳው በእጁ ነበር። እንደ ሌባ ደነገጠ። «የተረፈውን ልገለብጠው ብዬ ነው» አላት። ቅዳሜ አረቄ ቤት ገባ።

ከፈለኝ ከዚያ በኋላም በየቀኑ መጣ። ወልደሥላሴ አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ከአልጋዋ ጀርባ፣ ከዚያ ካልተገጠመው በር ዘንድ ይቆምና፣ «የለም በዪው፣ እትዬ። በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ይላታል። እሷም ወጥታ፣ «የለም» ትላለች። መጀመሪያ ቀን ስትዋሽ ፊቷ ጋለ፤ በሁለተኛው ሳምንት ለመደችው።

በጥቅምት መጀመሪያ ሆስፒታል ገባ። ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይኑ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ነበር። ብዙ አያወራም። ነቃ ባለ ቁጥር የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ሰዓት» ትለዋለች። «ስምንት ሰዓት።» ምን እንደሚጠብቅ ገብቷታል። ብትልክበት ከፈለኝ በሩጫ እንደሚመጣ ታውቃለች። ግን አልጋው አጠገብ ቆሞ ሲጸልይለት ወሰንየለሽና ሌሎቹ ቢያዩ፣ «የእነሱ ሆኖ ሞተ» ይላሉ፤ ያኔ ፍትሐቱስ? መቃብሩስ? ዛሬ ነገ ስትል ሦስት ቀን ቆየች። በአራተኛው ጠዋት ላከችበት። ከፈለኝ ሲደርስ የአልጋው አንሶላ ተነስቶ ነበር።

ወልደሥላሴ በካህናት ተፈትቶ፣ ማኅበሩ ሸኝቶት፣ ከአባቱ ጎን ተቀበረ። ወሰንየለሽ ከልቧ አለቀሰች፤ «ተመስገን፣ በአባቱ ሃይማኖት ሞተ» ብላም አጽናናቻት። በዛወርቅ የተመኘችው ሁሉ ተሟልቶላታል። ወንድሟ የእሷ ነው፤ ማንም አልወሰደባትም። ስትወጣ ከፈለኝንና ከእሱ ጋር የመጡ ስድስት ሰዎችን ከቅጥሩ በር ውጭ በዝናብ ቆመው አየቻቸው። ከፈለኝ ጃንጥላውን አጥፎ ይዞታል።

አርባው ካለፈ በኋላ አባ ሀብተ ማርያም ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ተናዘዘች። አባ ራሳቸውን ደፍተው ሰሟት።

«ለምን አልጠየቅሽኝም፣ ልጄ?» አሉ። «የተገዘተ ሰው ጽዋ አይገደድም። የጽዋውን ከንፈር ተሳልሞ ማሳለፍ ይችል ነበር። ማንም አይነቅፈውም።»

«ተሳልሞ?»

«ተሳልሞ።»

በዛወርቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። ይህን ያህል ቀላል ነገር! አንድ ቃል ጠይቃ ቢሆን ኖሮ! አልጠየቀችም፤ ያልጠየቀችውም፣ ልቧን ብትመረምረው፣ መልሱን ስለፈራች ነው። ተሳልሞ ማለፍ አይበቃትም ነበር። ሰው ሁሉ እያየ ሲጠጣላት ነው የፈለገችው።

አባ ቀኖና ሰጧት፤ ጾምና ስግደት። «ይሄ ብቻ ነው፣ አባቴ?» አለች።

«አነሰሽ?»

«አነሰኝ።»

አባ የእጅ መስቀላቸውን በጣታቸው አሻሹ። «እኔም አለሁበት» አሉ። «ግዝቱን ሳስርበት ቤቱ ማን ያደርሰዋል ብዬ አልጠየቅኩም። ሂጂ፤ ለሰው ያለብሽን ለሰው ንገሪ። እሱን እኔ ልፈታልሽ አልችልም።»

በኅዳር አንድ ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በዛወርቅ ከገበያ በሚመጣው መንገድ ዳር ቆመች። ከፈለኝን ከሩቅ ለየችው። ብቻውን አይደለም፤ እስክንድር የሚባል፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ሸበቶ መምህር አብሮት አለ። የመምህሩን ነገር ከተማው ያውቀዋል፤ ተማሪዎቹ ከጠጅ ቤት ደጅ ብዙ ቀን አንስተውታል።

«ከፈለኝ» አለች። «የምነግርህ ነገር አለኝ።»

«መንገድ ላይ ነን፣ እትዬ። እየሄድን ይንገሩኝ።»

«ዛሬ ሁለት ዘበኛ ተመደበልኝ ማለት ነው?» አለ መምህሩ። «ደረጃዬ አደገ!» አፉ ይቀልዳል እንጂ እጁን ኪሱ ውስጥ ጨብጦ ይዞታል። በዛወርቅ ያን አያያዝ ታውቀዋለች።

ሦስቱም መራመድ ጀመሩ። ከጥቂት እርምጃ በኋላ በዛወርቅ፣ «በሐምሌ ሥላሴ፣ ከጠራኝ እመጣለሁ ይበሉልኝ ብለኸኝ ነበር» አለች። «አልነገርኩትም።»

ከፈለኝ ወደ እሷ አልዞረም። «አውቃለሁ» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«ቢሰማ ይጠራኝ ነበር።»

ይቅር ብያለሁም አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችው። ከፈለኝ ለመምህሩ ስለ ጣውላ ያወራል፤ የትኛው ዛፍ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው ሠላሳ ዓመት እንደሚቆይ። እያወራ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ይሆናል። ያኔ ወንድሟ የነገራትን በዓይኗ አየችው። የአረቄ ቤቶቹን በር ቆጠረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስታድግ የተመላለሰችበት መንገድ ነው፤ ቆጥራው ግን አታውቅም። አሥራ አንድ ነበሩ። ወልዴ በየቀኑ አሥራ አንድ በር አልፎ ነው ወደ እሷ ይመጣ የነበረው።

የራሷ ቤት ከመጨረሻው አረቄ ቤት ቀጥሎ፣ ከመታጠፊያው ላይ ነው። አጥሩ በታየ ጊዜ ቁልፏን ልታወጣ እጇን ወደ መቀነቷ ሰደደች። ከፈለኝ ስለ ጣውላ የጀመረውን ወሬ ሳያቋርጥ፣ ልብ ብሎም ያደረገው አይመስልም፣ ከመምህሩ ግራ ወደ ቀኙ ተሻገረ፤ እንደ አረቄ ቤቶቹ ሁሉ በእሷም በር በኩል ሆነ።

በዛወርቅ አየችው። እጇን ከመቀነቷ አውጥታ፣ ከደጃፏ ሳትቆም፣ አብራቸው አለፈች።